ክንፍ ለእንግዳ የሚቀርብበት ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ እናትዎ የዶሮ ወጥ ሲሠሩ ከማጀት ደጃፍ ቁጢጥ ብለው እያዩ ያደጉ ከሆነ፥ የብልቱን ሥርዓት እኔ አልነግርዎትም። ዶሮይቱ በ12 ብልት ትወጣለች። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ ነው፤ መላላጫውም ባለቤት አለው፤ ክንፉ ግን ለማን እንደሚደርስ የሚጨነቅ ሰው የለም። በእኛ ቤት ክንፍ የልጆች ድርሻ ነበር። እኔም ከስድስት ልጆች አራተኛው ስለነበርሁ፥ የክንፍ አጥንት መጋጥ ፊደል ሳልቆጥር በፊት የተማርሁት ሙያ ነው። ለእንግዳ ክንፍ ማቅረብማ የማይታሰብ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ቢደረግ ኖሮ እናቴ ዓመት ሙሉ በጎረቤት ፊት ቀና ብላ ባልሄደች።

እንግዲህ በአሜሪካ አገር ቡፋሎ ወደምትባለው ከተማ ለአንድ ዓመት ትምህርት በሄድሁ በሁለተኛው ሳምንት፥ የክፍል ጓደኞቼ «የከተማችንን ክብር እናብላህ» ብለው ወደ አንድ ቡና ቤት ወሰዱኝ። እዚያም ዐሥር የዶሮ ክንፍ በአንድ ሳህን ተቆልሎ ሲቀርብልኝ ምን እንደተሰማኝ ይገምቱት። «የቀረው ዶሮ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለእኔ ብቻ አምስት ዶሮ የታረደ መስሎኝ ነበርና። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ሒሳቡ እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ክንፍ ለሁለት ስለሚቆረጥ ዐሥሩ ቁራጭ የሁለት ዶሮ ተኩል ድርሻ ነው። ያም ቢሆን ጥቂት አይደለም።

ቡፋሎ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ጫፍ፥ ኤሪ በሚባለው ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከታወቀው የናያጋራ ፏፏቴ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ብትርቅ ነው። ክፍለ ሀገሩ የአንድ ስለሆነ የታላቂቱ የኒው ዮርክ ከተማ ጎረቤት ትመስልዎ ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኤሪ ቦይ ተቆፍሮ ባለቀበት በ1825 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የመካከለኛው አሜሪካ እህል በእርሷ በኩል ማለፍ ጀመረ። በ1842 ጆሴፍ ዳርት የተባለ ነጋዴ በእንፋሎት ኃይል እህል ከመርከብ እያወጣ የሚያከማች ጎተራ ሠራባት። የብረት ፋብሪካዎችም ተከተሉ። በ1950 ሕዝቧ 580,000 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁለት ነው። በ1959 የቅዱስ ሎውረንስ የመርከብ መንገድ ሲከፈት መርከቦቹ ቡፋሎን ሳይረግጡ ወደ ውቅያኖስ መውጣት ቻሉ፤ በጎረቤቷ በላካዋና የነበረውም ታላቅ የብረት ፋብሪካ በ1983 አብዛኛውን ሥራውን ዘጋ። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪዎች 278,000 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ከሰባ ዓመት በፊት ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሄዷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ በረዶው አለ። በኖቬምበር 2022 ከከተማይቱ በስተደቡብ ባሉት መንደሮች በጥቂት ቀን ውስጥ 2 ሜትር ያህል በረዶ ወርዶ፥ የከተማይቱ የኳስ ቡድን በሜዳው ሊያደርገው የነበረው ግጥሚያ ዲትሮይት ወደምትባል ሌላ ከተማ እንዲዛወር ግድ ሆነ። ይህን የምነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም። ከእንዲህ ያለ ብርድ ወጥቶ የሚገባበት ቤት ለምን እንደሚወደድ አስቀድሞ እንዲገባዎ ነው።

አሁን አብረን እንግባ። እንዲህ ያለውን ቤት አሜሪካኖች ስፖርት ባር ይሉታል። በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ቡድኖች በሚጫወቱበት ሰዓት ከቴሌቪዥን ፊት በተደረደረ አግዳሚ ላይ ተጣብበው ያዩ ከሆነ፥ የነገሩን ግማሽ ያውቁታል። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ሰው የሚመጣው ለኳሱ ነው፥ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ግድ አይሰጠውም፤ እዚያ ግን ኳሱና ክንፉ ተማክረው የመጡ ናቸው።

በሩን ሲከፍቱ አስቀድሞ የሚቀበልዎ ሽታ ነው፤ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ የበርበሬና የሆምጣጤ ሽታ። ቀጥሎ ጩኸቱ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ አንድ ወይም ሁለት አይደለም፤ እኔ በገባሁበት ቤት 14 ቆጥሬአለሁ፥ አንዱም ሽንት ቤት ውስጥ ነበር። ረጅም ባንኮኒ አለ፥ ከፊቱ ከፍ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች። ግድግዳው ላይ የጥንት ተጫዋቾች ማልያ በመስተዋት ተከድኖ እንደ ሥዕል ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ልብስ አልለበሰም፤ በመካከሉ የወረቀት መሐረብ ጥቅል እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል፥ አጠገቡም ለአጥንት መጣያ የሚሆን ባዶ ሳህን አለ። ሹካና ቢላዋ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከመሥሪያ ቤት ክራቫትዎን እንዳሰሩ መጥተው ከሆነ ፈትተው ኪስዎ ይክተቱት፤ ምክንያቱን ቶሎ ይደርሱበታል።

አሳላፊዋ በእጅዋ አራት ትልልቅ የቢራ ብርጭቆ ይዛ እየሮጠች ነበር። ብርጭቆዎቹን ከጎናችን ላሉት ሰዎች አድላ፥ ወደ እኔ ዞር ብላ «ማሬ፥ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ደነገጥሁ። ምን ይደረግ፥ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ቃል ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የሚመጣ ነው። ጓደኞቼ ድንጋጤዬን አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያ አገር አሳላፊ ሁሉንም ሰው ማሬ ትላለች፤ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሽማግሌም፥ ሕፃን ያቀፈችውን እናትም። ስለዚህ እርስዎም ቢሄዱና ቢባሉ አይደንግጡ፤ ትርጉሙ «አቤት፥ ምን ልታዘዝ» ከማለት አይበልጥም።

ከዚያ ጥያቄው ይወርዳል። ስንት? ዐሥር፥ ሃያ፥ ወይስ ሃምሳ በባልዲ? ምን ያህል የሚያቃጥል? እኔ «ሚጥሚጣ ያሳደገኝ ሰው ነኝ» ብዬ ከሁሉ የባሰውን አዘዝሁ። ትዕቢቴን ክንፉ ራሱ ቀጣው። የእኛ በርበሬ ምላስ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚገዛ ነው፤ የእነርሱ ግን ከሆምጣጤ ጋራ ስለሚመጣ በቀጥታ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። ገና የመጀመሪያውን ሳልውጥ ሳል ያዘኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ባንኮኒው ላይ የነበሩት የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ዞረው አጨበጨቡልኝ። በከተማይቱ ዳርቻ ዳፍስ በተባለው የታወቀ ቤት እንግዳ እንዲህ እንዳይታለል ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል፤ መካከለኛው ራሱ የሚያቃጥል ነው፥ ከእርሱ በላይ ያለው እጅግ የሚያቃጥል ነው፥ እያለ ይቀጥላል። ምነው አስቀድሜ ባየሁት ኖሮ።

አሠራሩን ልንገርዎ፥ በቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉና። የዶሮ ክንፍ ሦስት ክፍል አለው። በትከሻ በኩል ያለው ትንሽ ታፋ ይመስላል፤ መካከለኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ሁለት ቀጫጭን አጥንት አለው፤ ጫፉ ደግሞ ቆዳና አጥንት ብቻ ስለሆነ ለመረቅ ይቀራል። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው፥ ዱቄት ሳይነካቸው፥ በጋለ ዘይት ውስጥ 10 ወይም 12 ደቂቃ ያህል ይጠበሳሉ፤ ቆዳቸው በጥርስ ሲነኩት ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ። ከዘይቱ እንደወጡ በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ይገቡና ስጎው ተደርጎባቸው ይናጣሉ። ስጎው የሁለት ነገር ድብልቅ ነው። አንደኛው በሆምጣጤ የተዘጋጀ ቀጭን የቀይ በርበሬ ስጎ ነው፤ ብዙዎቹ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፍራንክስ ሬድ ሆት የሚባለው በ1920 ገበያ የወጣ ነው። ሁለተኛው የቀለጠ ቅቤ ወይም ማርጋሪን ነው። ለስላሳ፥ መካከለኛ፥ የሚያቃጥል እየተባለ የሚለየው በቅቤውና በበርበሬው መጠን ነው። ቅቤና በርበሬ መቸም በእኛ ቤት የጥንት ባልና ሚስት ናቸው፤ እዚያ ድረስ ሄጄ ተጋብተው ማግኘቴ ግን አስደንቆኛል።

ከክንፉ ጋራ ሁለት ነገር ይቀርባል። አንደኛው ሴለሪ የሚሉት ሲቆረጥሙት የሚንኮሻኮሽ ውኃማ አረንጓዴ ግንድ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ ሻጋታ ካለው አይብ የተሠራ ማጥቀሻ ነው። ሻጋታ የሚለውን ቃል ሰምተው ፊትዎን አያጥቁሩ፤ ለክትፎ አይብ የሚሠራለትን ሥራ ይሠራል፥ ቃጠሎውን ያበርደዋል። በሌላው አሜሪካ ራንች የሚባል ሌላ ማጥቀሻ ይቀርባል። በቡፋሎ ግን ራንች መጠየቅ ራስን እንግዳ አድርጎ ማስመዝገብ ነው፤ አሳላፊዋ ታመጣልዎታለች፥ ጎረቤትዎ ግን አንገቱን ይነቀንቃል። እንዲሁም የቡፋሎ ሰው «የቡፋሎ ክንፍ» አይልም። ክንፍ ብቻ ይላል።

ይህ ነገር ከወዴት መጣ? በዚያ ከተማ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አንድ መልስ አያገኝም። ሁሉ የሚስማማበት ይህን ያህል ነው፦ በሜይን ጎዳናና በኖርዝ ጎዳና መገናኛ ላይ አንከር ባር የሚባል ምግብ ቤት አለ፤ ፍራንክና ተሬሳ ቤሊሲሞ የተባሉ ከጣልያን ወገን የሆኑ ባልና ሚስት በ1935 ያቋቋሙት ነው። በ1964 ወይዘሮ ተሬሳ ክንፍ ጠብሰው፥ በበርበሬና በቅቤ ለውሰው፥ ሴለሪና አይብ ጨምረው አቀረቡ። ከዚያ በፊት ክንፍ የመረቅ ማጣፈጫ ነበር፥ ካልሆነም ይጣል ነበር።

ለምን አቀረቡ በሚለው ላይ ግን አባትና ልጅ እንኳ አልተስማሙም። ካልቪን ትሪሊን የተባለው ጸሐፊ በ1980 ኒው ዮርከር በተባለው መጽሔት ላይ ሁለቱንም ቃል አትሞታል። አባት ፍራንክ እንደሚሉት ለስፓጌቲ ስጎ የሚሆን የዶሮ ጀርባና አንገት ታዝዞ ሳለ በስሕተት ክንፍ መጣ፤ እንዳይባክን ሚስታቸውን አንድ ነገር አድርጊበት አሏቸው። ልጅየው ዶሚኒክ ግን ሌላ ይላል። ዓርብ ማታ ነበር፤ ደንበኞቹ አብዛኞቹ ካቶሊኮች ናቸውና በዓርብ ሥጋ አይቀምሱም፤ ሲጠጡ አምሽተው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፥ ቀኑ ቅዳሜ እንደሆነ ወዲያውኑ የሚበላ ሥጋ አዘጋጅተሽ አቅርቢላቸው ብሎ እናቱን ለመናቸው።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ የትኛውን እንደማምን ይገምቱታል። የተሳሳተ ዕቃ ታሪክ በየሱቁ አለ። ጾሙን ይዞ ሰዓቱን እያየ እኩለ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ግን ለእኛ ዘመድ ነው። የፋሲካ ሌሊት ዶሮው ተሠርቶ፥ ሽታው ቤቱን ሞልቶ፥ ከቤተ ክርስቲያን እስክንመለስ የምንታገሠውን ትዕግሥት ያ የቡፋሎ ጠጪ አውቆታል ብል አላጋነንሁም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ ካለቀ ጐደሎ ነው። ከአንከር ባር በስተምሥራቅ፥ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር፥ በጄፈርሰን ጎዳና ላይ ጆን ያንግ የተባለ ሰው በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት ክንፍ ይሸጥ ነበር። ትውልዱ ከደቡብ፥ ከአላባማ ነው። የእርሱ ክንፍ ሳይቆረጥ ሙሉውን፥ በዱቄት ተለውሶ የሚጠበስ ሆኖ፥ ማምቦ ሶስ በሚባል ጣፋጭነትም ቃጠሎም ባለው ስጎ ይቀባ ነበር። ቤቱንም በክንፍ ስም ሰይሞታል። በደቡብ ጥቁሮች ማጀት ክንፍ መጥበስ ከጥንት የነበረ ነው፤ ሌላው ብልት ለጌታ ሲሄድ የሚተርፋቸው እርሱ ነበርና። ጆን ያንግ በ1970 ከቡፋሎ ወጥቶ ሄደ። ከተማይቱ ጁላይ 29 ቀን 1977ን የዶሮ ክንፍ ቀን ብላ ስታውጅ የተወሳው የአንከር ባር ስም ነው። ትሪሊን በ1980 ባገኘው ጊዜ ጆን ያንግ ቅሬታውን አልደበቀም፤ የክንፍ አባት እኔ ነኝ ብሎ ነገረው። እርሱ በ1998 ሞተ።

እኔ ዳኛ አይደለሁም። የአንዱ ክንፍ ከሌላው በአሠራር የተለየ ነው፤ ዛሬ ዓለም የሚበላው ያለ ዱቄት የተጠበሰውና በቅቤና በበርበሬ የተለወሰው የወይዘሮ ተሬሳ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዘመን፥ ሁለት ሰዎች የተናቀውን ብልት አንሥተው አከበሩት፤ የአንዱ ግድግዳ ፎቶግራፍ በሚያነሱ ጎብኚዎች ሲሞላ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ተረሳ። እኔ ከመጽሐፍ እስካነበው ድረስ ከክፍል ጓደኞቼ ማንም አልነገረኝም። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ማምቦ ሶስን በየመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ያውቁታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ክንፋቸውን ሲያጠቅሱበት ያን ሰው ቢያስቡት መልካም ነው።

ኳሱንና ክንፉን ምን አገናኛቸው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄአለሁ፤ መልሱን ያገኘሁት በመጻሕፍት ቤት ሳይሆን እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው። የአሜሪካን እግር ኳስ እንደ እኛው ኳስ ያለ ዕረፍት የሚሮጥ ጨዋታ አይደለም። ጥቂት ሴኮንድ ይጋጫሉ፥ ይወድቃሉ፥ ከዚያ ተነሥተው ረጅም ምክር ይያዛል። በሰዓት የሚቆጠረው ጨዋታ 60 ደቂቃ ሲሆን ግጥሚያው ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በእኛ ኳስ ላይ አንገትዎን ወደ ሳህን ካጎነበሱ ጎል ያመልጥዎታል። በዚያኛው ግን አንድ ክንፍ ግጠው፥ ጣትዎን ጠርገው፥ ቢራዎን ተጎንጭተው ቀና ሲሉ ጨዋታው ገና እየጠበቀዎ ነው። ምግቡ በጨዋታው ልክ የተሰፋ ነው። ጨውና በርበሬው ያስጠማል፥ ጥሙ ቢራ ያስመጣል፥ ባለቤቱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በመጀመሪያው ዘመን ክንፍ ርካሽ ስለነበር ብዙ ቡና ቤቶች ትርፉን ከክንፉ ሳይሆን ከመጠጡ ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ ርካሽ ነው ብለው እንዳይሄዱ። በ2025 ብሔራዊ የዶሮ ምክር ቤት ሱፐር ቦውል በሚባለው የዋንጫ ግጥሚያ ሰሞን አሜሪካኖች 1.47 ቢሊዮን ክንፍ ይበላሉ ብሎ ገምቶ ነበር። ዶሮ ደግሞ ፈላጊው ስለበዛ አራት ክንፍ አታበቅልም። ስለዚህ ዋጋው ወጣ፤ ነጋዴዎችም መላ ፈጠሩና የደረት ሥጋ ቆራርጠው፥ በዱቄት ጠብሰው፥ «አጥንት የሌለው ክንፍ» ብለው መሸጥ ጀመሩ። ይህ ክንፍ ክንፍ አይደለም። በኦሃዮ አንድ ሰው ከዚህ «አጥንት የሌለው» ከተባለው ውስጥ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ክፉኛ ታሞ ከሰሰ፤ የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2024 በ4 ድምፅ ለ3 «አጥንት የሌለው» ማለት የአሠራር ስም እንጂ አጥንት እንደማይኖር ዋስትና አይደለም ብሎ ፈረደበት። የሕግ ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቼ ይከራከሩበት።

ክንፉን ከከተማው ካወጡት መካከል ሁለት ቡፋሎን የለመዱ ጓደኞች ይገኛሉ። ጂም ዲስብሮውና ስኮት ላወሪ ይባላሉ። ኦሃዮ ውስጥ ሳሉ የለመዱትን ክንፍ ፈልገው ስላጡ በ1982 በኮሎምበስ ከተማ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ ዛሬ ቡፋሎ ዋይልድ ዊንግስ በሚል ስም ከሺህ በላይ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ሆኗል። ቴሌቪዥኑ ብዙ፥ የስጎው ዓይነት ብዙ፥ ወንበሩ ንጹሕ ነው። እኔ ግን፥ ምርጫዬን ከጠየቁኝ፥ ወንበሩ የተቀደደበትን የሰፈር ቤት እመርጣለሁ።

አሁን አንድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በመጀመሪያው ቀን ሒሳቡን የከፈሉት ጓደኞቼ ነበሩ። በሁለተኛው እሑድ ግን ብቻዬን ሄድሁ። ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጋራ ማውራት ሰልችቶኝ ነበርና። ባንኮኒው ላይ በአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ላካዋና የነበረው የብረት ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ የሠሩ ሰው ናቸው። ያችው አሳላፊ ውኃ አራት ጊዜ ሞላችልኝ፥ ሳልጠይቃት ለእጄ እርጥብ ፎጣ አመጣችልኝ። ሒሳቡ 23 ዶላር ከ40 ሳንቲም መጣ። እኔም እንደ ጥሩ ገንዘብ ያዥ 23 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቆጥሬ አስቀመጥሁና ልነሣ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፥ በድላሃለች?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ኧረ በጭራሽ» አልኋቸው።

«እንግዲያው ለምን ደመወዟን ከለከልሃት?»

ነገሩን አስረዱኝ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ በሰዓት እንዲከፍል የሚገደደው 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይህም ከ1991 ወዲህ አልተለወጠም። የቀረው እስከ ዝቅተኛው የደመወዝ ልክ ድረስ ከጉርሻ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል፤ ካልሞላ አሠሪው ሊያሟላ ይገባዋል። ኒው ዮርክን የመሰሉ ክፍላተ ሀገር ከዚህ የተሻለ ያዝዛሉ፤ ቢሆንም የአሳላፊ ኑሮ የቆመው በጉርሻው ላይ ነው። ከመቶ ከ15 እስከ 20 መተው የወግ ነው። ቋንቋችን ጉርሻ የሚለውን ቃል በፍቅር ለሚጎረሰው እንጀራም፥ ለአሳላፊ ለሚተወውም ሳንቲም ያውለዋል፤ በሁለቱም ቢሆን የሰጪው በጎ ፈቃድ ነው። እዚያ ግን ጉርሻ የቤት ኪራይ ነው። የፈገግታዋ ብዛት፥ የውኃው መመላለስ፥ «ማሬ» የሚለውም ቃል ጭምር ከዚህ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ኋላ ግን፥ በየጊዜው ለማያውቀው ሰው ፊቱን ማብራት ያለበት የመስኮት ጸሐፊ እኔም አይደለሁምን፥ አልሁ።

ኪሴን ብፈትሽ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ብቻ ነበር የቀረኝ። ዓይኗን ሳላይ ወጣሁ። በሳምንቱ እሑድ ጨዋታው ሳይጀመር በጊዜ ሄጄ፥ ምንም ሳላዝዝ 10 ዶላር ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁና «ያለፈው ሳምንት ነው፥ አላወቅሁም ነበር» አልኋት። ገንዘቡን አየች፥ እኔን አየች። ጉርሻ መከልከሌን ረስታው ኖሮ ወይም ረሳሁ ብላ ልታሳፍረኝ ሳትፈልግ ቀርታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አንተ ያ ሳል የያዘህ ልጅ አይደለህም?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልናገር መካከለኛውን ታመጣልኝ ነበር።

የቡፋሎ ቡድን ቢልስ ይባላል። ከ1991 እስከ 1994 አራት ዓመት በተከታታይ ለሱፐር ቦውል ደርሶ አራቱንም ጊዜ ተሸንፏል። የመጀመሪያውን የተሸነፈው 20 ለ19 ነው፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተመታችው ኳስ ከግቡ ቋሚ በስተቀኝ አለፈች። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ የትናንት ሐዘን እንደሚያወሩ ነበር። አንድ እሑድ ቡድኑ እፊታችን ሲሸነፍ አየሁ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ማንም ግን ተነሥቶ አልወጣም። ሽማግሌው በሳህናቸው የቀረውን አንዱን ጠፍጣፋ ክንፍ አንሥተው፥ ሳይናገሩ ወደ እኔ ሳህን አሻገሩት።

ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ የገባሁ ቀን እናቴ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቧል። ከአገር ርቄ ስለከረምሁ እንግዳ ነኝና ፈረሰኛውን አውጥታ እፊቴ አኖረችው። «እማዬ፥ ክንፉን ስጭኝ» አልኋት።

ጭልፋውን እንደያዘች ቀጥ አለች። «ምነው ልጄ፥ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ላስረዳት ስሞክር የእህቴ ትንሽ ልጅ ከበስተኋላዬ ሆኖ ክንፉን ግጦ ጨርሶ ጣቱን ይልስ ነበር።